ሐይቅ ላይ ከጀልባ ኦክስጅን ወደ ጠላቂ ለማውረድ ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

የሐይቅ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐይቅ ከተማ ነው ያለሁት። ለአንድ የጥናት ቡድን የጀልባውንና የዕቃውን ሥራ ይዣለሁ። የውሃ ሙቀት የሚለካ መሣሪያቸው ገመዱ ተበጥሶ 36 ሜትር ላይ ቀርቷል። ፈቃድ ያላቸው ሁለት ጠላቂዎች በአየር ወርደው ሊያወጡት ነው። ሲመለሱ በየደረጃው እየቆሙ ናይትሮጅኑን ከሰውነታቸው ማስወጣት አለባቸው፤ የ6 ሜትሩ ቆይታ በአየር በጣም ስለሚረዝም እዚያ ላይ ኦክስጅን ከጀልባ በቱቦ ይውረድላቸው ተብሏል። ማግኘት የምችለው 40 ሊትር የሕክምና ሲሊንደር፣ ውሃ የምታንቦጫርቅ ጠርሙስ ያለባትን የሆስፒታል ሬጉሌተር (የጋዙን ግፊት የምትቀንሰው)፣ እንዲሁም አንድ ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚለይ ማሽን) ነው። ኮምቦልቻ የብየዳ ዕቃ እንደልብ አለ። ምን ይበቃል፣ ምን ይጎድለኛል? የሚያውቅ ሰው በዝርዝር ይንገረኝ።

ጠላቂ ከጅቡቲ

ወንድሜ፣ ቆም ብለህ መጠየቅህ በጣም ጥሩ ነው። ሲሊንደሩ ይሆናል። ኮንሰንትሬተሩን ግን እርሳው፤ በደቂቃ ቢበዛ 10 ሊትር ነው የሚሰጠው፣ ግፊቱም ውሃ ውስጥ ላለ ሰው አይደርስም። የሆስፒታሏ ሬጉሌተርም ያው ናት። በደቂቃ 15 ሊትር እያፈሰሰች ለተኛ ሰው ትበቃለች፣ ጠላቂ ግን አንዴ ሲስብ ብዙ ነው የሚስበው።

የሚያስፈልግህ ለኦክስጅን ተብሎ የጸዳ የጠላቂ ሬጉሌተር ነው። የመጀመሪያው ክፍል ጀልባው ላይ ሲሊንደሩ ላይ ይታሰራል፣ ግፊቱን ወደ 10 ባር አውርዶ ወደ ቱቦው ይልካል። ከዚያ መዝጊያ ያለው ማከፋፈያ፣ ከማከፋፈያው ለያንዳንዱ ጠላቂ አንድ ቱቦ፣ በጫፉ ላይ በአፍ የሚያዘው ክፍል። ወደ አፉ በሚጠጋው ጫፍ ላይ የማይመልስ ቫልቭ የግድ ይግባ። ላይ ቱቦው ቢበጠስ ጋዙ ወደ ላይ ሲሸሽ ከጠላቂው አፍ ጭምር ይስባል፣ ሳንባ ይጎዳል።

የቱቦውን ርዝመት ልብ በል። ከ6 ሜትር በታች ጨርሶ እንዳይደርስ አድርገህ ቁረጠው። 36 ሜትር ላይ ንጹሕ ኦክስጅን አፉ ውስጥ የገባ ሰው ይንቀጠቀጥና ይሰምጣል፣ ሌላ መንገድ የለውም። ቱቦው ክብደት ካለው ገመድ ጋር ይታሰር፣ ሸክሙን ገመዱ ይያዘው፣ ቱቦው አይጎተት።

ብየዳ ኮምቦልቻ

የብየዳ የኦክስጅን ሬጉሌተር እስከ 10 ባር ይሰጣል እኮ። ሰማያዊው ቱቦም ግፊቱን ይችላል። ለምን አይሆንም?

ጠላቂ ከጅቡቲ

ግፊቱን ይችላል ብለህ ልክ ነህ። ችግሩ ንጽሕናው ነው። የብየዳ ሱቅ ውስጥ የቆየ ዕቃ ግሪስ የነካው እጅ አልፎበታል፣ ቱቦውም ውስጡ ለሚተነፈስ ጋዝ ተብሎ አልተሠራም። ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ዘይት ሲያገኝ ያለ ክብሪት ይነሳል። ቫልቭ በድንገት ስትከፍት ጋዙ ተጨምቆ ይግላል፣ ያቺ ጠብታ ግሪስ የምትያያዘው ያኔ ነው። ስለዚህ ቫልቭ ቀስ ተብሎ ነው የሚከፈት። ብሎን የማይገባ ከሆነ ቫዝሊን አትቀባው፣ ለኦክስጅን የተሠራ ቅባት ብቻ። የላስቲክ ቀለበቶቹም ለኦክስጅን የሚሆኑ መሆናቸውን ጠይቅ። የሞተሩን ቤንዚን ጀሪካን ከሲሊንደሩ በጣም አርቀው፣ ቢቻል በሌላ ጀልባ ይሁን። ጀልባው ላይ ሲጋራ የሚባል ነገር አይታሰብ።

የሐይቅ ልጅ

እሺ ጋሼ፣ ገባኝ። 40 ሊትሩ ለሁለት ሰው ይበቃል?

ጠላቂ ከጅቡቲ

አብረን እንቁጠረው። ሐይቃችሁ ከባሕር ወለል ወደ 1,900 ሜትር ግድም ከፍ ስለሚል ላዩ ላይ ያለው የአየር ግፊት 0.8 ባር ያህል ነው። የ6 ሜትሩ ውሃ 0.6 ይጨምራል፣ 1.4 ሆነ። አንድ ሰው በደቂቃ 20 ሊትር ቢተነፍስ እዚያ ጥልቀት ላይ 28 ሊትር ይጨርሳል። ሁለት ሰው በ30 ደቂቃ 1,680 ሊትር። እጥፉን ያዝ፣ ወደ 3,400። የ40 ሊትሩ ሲሊንደር በ150 ባር ከሆነ 6,000 ሊትር አለው፣ ይበቃሃል። ባለ 10 ሊትሩ ግን 1,500 ብቻ ነው፣ እሱን ይዘህ እንዳትመጣ።

ከፍታው ሌላም ነገር ይለውጣል። ጠላቂዎቹ በየትኛው ጥልቀት ስንት ደቂቃ እንደሚቆም የሚያሳየውን የባሕር ሠንጠረዥ እንዳለ ይዘው እንዳይወርዱ። 36ን ለ0.8 ስታካፍል 45 ሜትር ይመጣል፣ የማቆሚያው ስሌት በዚያ ነው የሚወሰደው። ኦክስጅኑን በተመለከተ ከፍታው ይጠቅማችኋል፤ ባሕር ላይ 6 ሜትር 1.6 ባር ነው፣ በአንድ ጊዜ ከ45 ደቂቃ አይበልጥም፤ እናንተ ጋ 1.4 ስለሆነ ሰፋ ይላል። ቢሆንም በየ20 እና 25 ደቂቃው 5 ደቂቃ አየር ይተንፍሱ። ከንፈር መንቀጥቀጥ፣ ጆሮ መጮህ፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ ወዲያው ወደ አየር።

ሌላው፣ ኦክስጅኑ ቢቋረጥ ቆይታውን በአየር የሚጨርሱበት ጋዝ እያንዳንዳቸው ጀርባቸው ላይ መኖር አለበት። ይሄ ከሌለ ጠልቆው ይቅር።

ነርስ ከደሴ

አንድ ነገር ሳትነሳ እንዳትቀር። ከወጡ በኋላ ወዴት ነው የሚሄዱት? ሰው ሁሉ ሥራው እንዳለቀ ደሴ ገብቶ ማደር ይፈልጋል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከሐይቅ በ600 ሜትር ይበልጣል። ናይትሮጅን ገና ከሰውነቱ ያልወጣለት ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሽቅብ ሲወጣ ውሃ ውስጥ እንደገና እንደወጣ ነው የሚቆጠረው፣ የናይትሮጅን አረፋ ያኔ መገጣጠሚያ ላይ ወይ አከርካሪ ላይ ሊፈጠር ይችላል። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እንሂድ ብትሉም መንገዱ በደሴ ነው። ስለዚህ እባካችሁ ሐይቅ ከተማ እደሩ። ሠንጠረዡ ይበቃል እስኪል ሽቅብ አትነሱ።

ክንድ ወይ ጉልበት የሚያም፣ የሚደነዝዝ፣ ያለ ምክንያት በጣም የሚደክም ሰው ካለ ጀርባው ላይ አስተኙት፣ ወዲያው ባለ ከረጢት ማስክ አድርጋችሁ በደቂቃ 15 ሊትር ስጡት። ያቺን የሆስፒታል ሬጉሌተር የምትፈልጓት ለዚህ ነው፣ አትመልሷት። እሷም ለብቻዋ የምትሠራበት ሁለተኛ ሲሊንደር ይኑር። ወደ ሐኪም ሲሄድም ኦክስጅኑ መንገድ ላይ አይቋረጥ፣ ዳገቱ ስላለ።

የሐይቅ ልጅ

ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር እህቴ፣ አላህ ይስጥልኝ። ማደሪያው እዚሁ ሐይቅ ይሆናል፣ ዛሬውኑ አስይዛለሁ። ሁለተኛ ሲሊንደርም እጠይቃለሁ።

ጠላቂ ከጅቡቲ

አብሽር። ሲሊንደሮቹን ስትቀበል የቀለማቸውን ነገር አትመን። ኦክስጅን መለኪያ ያለው ሰው ከሁለቱም ላይ ይለካ፣ ቁጥሩንም ፕላስተር ላይ ጽፎ ይለጥፍበት። ቀኑ ከመድረሱ በፊት ቱቦውን ዘርግታችሁ ክፈቱት፣ ግንኙነቶቹን ቅባት በሌለው ሳሙና አረፋ ፈትሹ። በዋናው ቀን ደግሞ ቫልቩ ጋ አንድ ሰው ይቀመጥ፣ ጌጁን ብቻ የሚያይ፣ መቅዘፍም ገመድ መሳብም የማይነካ።