ሮም ካርቴጅን ማጥፋቷ ራስን መከላከል ነበርን?

አወያይ፦ ሮም በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ከነበረችው የባሕር ንግድ ተፎካካሪዋ ከካርቴጅ ከተማ ጋር ሦስት ጊዜ ተዋግታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ከተማዋን አቃጥላ አፍርሳታለች። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ ከልደት በፊት ናቸው። ድርጊቱ ተገቢ ነበር ትላላችሁ?

ተከራካሪ ሀ፦ ሮምን ለመኮነን አልቸኩልም። የካርቴጁ የጦር መሪ ሃኒባል የአልፕስን ተራሮች ተሻግሮ ጣልያን ከገባ በኋላ፣ በ216 በካኔ ጦርነት በአንድ ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቹን የቀበረ ሕዝብ፣ ያው ጠላት እንደገና ሲበለጽግ በዝምታ ይመልከት ማለት ይከብዳል። ካርቴጅም ብትሆን ሁለተኛው ጦርነት ሲያበቃ በ201 የገባችውን ውል ጥሳ፣ ያለ ሮም ፈቃድ የጎረቤቷን የኑሚዲያን ንጉሥ ማሲኒሳን ወግታለች።

ተከራካሪ ለ፦ ወንድሜ፣ ውሉ መጣሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እጇን አስሮ ለማሲኒሳ አሳልፎ የሰጣት ያው ውል ነበር። ንጉሡ መሬቷን እየቆረሰ ሲወስድ አቤት የምትለው ለሮም ሲሆን፣ ከሮም የሚላኩት ሸምጋዮችም ደጋግመው ለእርሱ ያደሉ ነበር። የጦር መርከቦቿ ከ10 እንዳይበልጡ የተወሰነባትና በ50 ዓመት 10 ሺህ መክሊት ካሣ እንድትከፍል የተፈረደባት ከተማ ሮምን በምን አቅሟ ታሰጋለች?

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የ149ኙ ድርድር ነው። ሮማውያን መጀመሪያ ከታላላቅ ቤተሰቦች 300 ልጆች በመያዣነት ጠየቁ፤ ተሰጣቸው። ቀጥለው መሣሪያ ጠየቁ፤ ታሪክ ጸሐፊው አፒያን እንደዘገበው የ200 ሺህ ሰው ትጥቅና 2 ሺህ የድንጋይ መወርወሪያ ተረከቡ። «ከተማችሁን ልቀቁና ከባሕር 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃችሁ ስፈሩ» የሚለው ትእዛዝ የመጣው ሕዝቡ ባዶ እጁን ከቀረ በኋላ ነው። በወደቡ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ከሞት ፍርድ በምን ይለያል? ሴቶቹ ለአዲስ መወርወሪያ ገመድ እንዲሆን ጸጉራቸውን ቆርጠው የሰጡት፣ ከተማዋም እስከ 146 ከበባውን የተቋቋመችው ሌላ መንገድ ስላልቀረላቸው ነው።

ተከራካሪ ሐ፦ በሮም ምክር ቤት ውስጥም ቢሆን አንድ ድምፅ አልነበረም። የምክር ቤቱ አባል ካቶ ካርቴጅ ትጥፋ እያለ ሲወተውት፣ ሌላው አባል ስኪፒዮ ናሲካ ትኑር ብሎ ተከራክሯል፤ የተፎካካሪ ፍርሃት የሮማን ሕዝብ ከብልግና ይጠብቀዋል ብሎ ያምን ነበርና። ስለዚህ ጥፋቱን የዘመኑ ግዴታ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም። በፍርስራሹ ላይ ጨው ተዘራ የሚባለውንም ከክርክራችን እናውጣው፤ በጥንት ምንጮች አይገኝም። በመጨረሻ እጃቸውን ሰጥተው ለባርነት የተሸጡት 50 ሺህ ያህል ሰዎች ግን በአፒያን ተመዝግበዋል፤ ተከራካሪ ሀ ይህን ከደኅንነት ጋር እንዴት እንደሚያያይዙት ቢያስረዱን እወዳለሁ።