ስኬትቦርድ ሠርተን ለመሸጥ አስበን ሳንቃው ተገለጠብን (ቱሉ ዲምቱ)

ጠያቂ፦ ሰሌዳ ጸሐፊው

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀን የሱቅ ሰሌዳና የባጃጅ ጀርባ እጽፋለሁ፣ ማታ ሥዕል እሥላለሁ። ወንድሜ እንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሯል። እህቴ የስፌት መኪና አላት፣ ቦርሳ ትሰፋለች። ሦስታችንም ስኬትቦርድ (ላዩ ላይ ቆመው የሚነዱት ባለ አራት ጎማ ሳንቃ) እንነዳለን።

ያሰብነው ወንድሜ ሳንቃውን እንዲሠራ፣ እኔ ከሥሩ እንድሥልበት፣ እህቴ ደግሞ መያዣ ቦርሳውን እንድትሰፋ ነው። የራሳችን ስም ያለው ትንሽ ድርጅት። እስካሁን ሦስት ሠርተናል። ኮምፖንሳቶ ገዝተን በነጭ ኮላ ደረብንና ድንጋይ ጭነንበት አደረ። አንዱ ደህና ነው። አንዱ መሐል ለመሐል ተሰበረ። ሦስተኛው ግን እንደ መጽሐፍ ተገለጠ።

እንጨቱን ምን እናድርገው? ጎማውንስ? ንግድ ፈቃድ አሁን ነው ወይስ ቆይቶ? ዋጋው እንዴት ይተመናል? እናታችን «ይሄን የልጅ መጫወቻ ማን ይገዛችኋል» እያለች ነው። ለእሷም መልስ ካላችሁ ወዲህ በሉ።

አናጢው ከገላን

ልጄ፣ በድንጋይ ኮላ አይጫንም። ድንጋይ ያረፈበትን ቦታ ብቻ ነው የሚጫነው፣ ጠርዙ ሳይያያዝ ይቀራል። የተገለጠብህ ለዚህ ነው።

ፋብሪካ የሚያወጣው ሳንቃ ብዙውን ጊዜ ሰባት ስስ ንብርብር ነው። እያንዳንዱ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አምስቱ በቁመት፣ ሁለቱ በአግድም ይገባሉ። አግድሞቹ ናቸው እንዳይሰነጠቅ የሚይዙት። እንጨቱ ሜፕል የሚባል የሰሜን አሜሪካ ጠንካራ እንጨት ነው። ኮምፖንሳቶ ስትገዛ ጠርዙን አዙረህ እይ። በንብርብሩ መሐል ክፍተት ካየህ ለበር ይሁን፣ ለሚዘል ሰው አይሆንም። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ግን ሲደርቅ ይጠማዘዛል። ዋንዛ ያምራል፣ ለዝላይ ግን አላምነውም።

አሁን ስለ መጫኛው። ከወፍራም ጣውላ ወንድና ሴት ፎርማ (አንዱ ያበጠ፣ አንዱ የጎደጎደ ቅርጽ ማውጫ) ጥረብ፤ የሳንቃው ጎንበስ ያለው ቅርጽ የሚወጣው ከዚያ ነው። ዙሪያውን በአንግል ብረት ፍሬም አስበይድና የመኪና ክሪክ ከሥር አስገብተህ ወደ ላይ ግፋ። ኮላው በዙሪያው እኩል ሲወጣ ካየህ በቃህ። ውሃ የሚችል ኮላ ይሁን። አንድ ሙሉ ቀን አትፍታው፣ ክረምት ከሆነ ሁለት።

ኩሽኔታ

ጎማ የተሸከመውን ብረት፣ ትራኩን፣ ራሳችሁ ለማቅለጥ እንዳታስቡ። እሱ ከተሰበረ ሰው ይሰበራል። ተሠርቶ የመጣ ግዙ።

ኩሽኔታው ግን ችግር የለውም። ቁጥሩ 608 ነው። ውስጡ 8 ሚሊ፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7። በትንንሽ ሞተሮችም ስለሚገባ ኩሽኔታ ቤት ሄዳችሁ ቁጥሩን ጥሩ። (ልጅ ሆነን በወዳደቀ ኩሽኔታ የእንጨት መኪና ሠርተን ቁልቁል የወረድን ሰዎች ይህን ሥራ ከማንም በፊት ጀምረነዋል።)

ጎማ የሚመረጠው በጥንካሬው ቁጥር ነው። 99ኤ የተጻፈበት ለለሰለሰ ሲሚንቶ ነው። 78ኤ ለስላሳ ነው፣ ለሻካራ አስፋልት ይሻላል። የኮንዶሚኒየማችሁ መንገድ ኮብልስቶን ከሆነ በ99 ብትወጡበት ጥርሳችሁ ይረግፋል። በ78ም ቢሆን ኮብልስቶን ያው ኮብልስቶን ነው።

ስለዚህ ገዢያችሁ ሰፈራችሁ ውስጥ አይደለም ያለው። አዲስ አበባ ውስጥ በ2008 ዓ.ም. የተሠራ የስኬት ሜዳ አለ። ቅዳሜ ሁለት ቦርድ ይዛችሁ ሂዱና ለልጆቹ «ስበሩልን» ብላችሁ ስጧቸው። የተሰበረበትን ቦታ በእርሳስ አክብቡ። ከዚያ ወዲህ ስለ ድርጅት እናወራለን።

ሂሳብ ያዥዋ

ዋጋ ላይ ልምጣ። ሦስት ሠርታችሁ አንድ ነው የቆመው። ስለዚህ ዛሬ የአንድ ቦርድ ወጪ የሦስት ቦርድ እንጨት ነው። ብዙ ሰው የተበላሸውን አይቆጥርም፣ በኋላ ገንዘቡ የት እንደገባ ይጠፋዋል። የወንድምህንም የእጅ ዋጋ ጻፉ፣ ወንድም ስለሆነ ነፃ አይደለም። ትራክና ጎማ ከውጭ ነው የሚመጣው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሆነ ዋጋውን በገዛችሁ ቁጥር እንደገና አስሉ።

ፈቃድ ግድ ነው፣ ግን ለሙከራው ሳንቃ አትሩጡ። ለሰው መሸጥ ስትጀምሩ ወረዳ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከተቻለ መጀመሪያ በአንዳችሁ ስም ይሁን። ንግድ ሕጉ (አዋጅ 1243/2013) አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል፣ እሱ ይቆያችሁ። የንግድ ምልክታችሁን ግን አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቡ። ለ7 ዓመት ነው፣ ይታደሳል። ሥዕሉ የማን እንደሆነም ሦስታችሁ በወረቀት ተፈራረሙ። ይህን የምለው ከእህቴ ጋር በአንድ ጥልፍ ዓመት ሙሉ ስለተኮራረፍኩ ነው።

ከአያት ሰፈር

እኔ ቦርሳው ይቅደም እላለሁ። ቦርሳ ተቀደደ ተብሎ እግሩ የተሰበረ የለም። እህትህ ዛሬውኑ መሸጥ ትችላለች፣ እንጨቱ ከዚያ በሚመጣው ብር ይለመድ። ደግሞ አንተ ሠዓሊው፣ ሥዕሉ ከሥር ነው ብለሃል። ልጆቹ ብረት ላይ ሲያንሸራትቱት በሳምንት ተፍቆ ያልቃል፣ ልብህን አዘጋጅ። የተሰበረውን ሣልበትና ለግድግዳ ሽጠው።

ለእናታችሁ፦ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ገብቷል፣ ሜዳሊያ አለው በሏት።

ሰሌዳ ጸሐፊው

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። ለእማማ ኦሎምፒኩን ነገርኳት። «ታዲያ ሩጫው ምን ጎደለው?» አለችኝ።

ጋሼ፣ እንዳሉት አደረግን። ክሪኩን የተዋስነው ከጎረቤት የሚኒባስ ሹፌር ነው። እሁድ ስለማይወጣ ቅዳሜ ማታ ጭነን ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መለስንለት። ሳንቃው ሲፈታ ድምፁ ሌላ ነው፣ በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ይጮሃል። ቦርሳውን እህቴ ጀምራለች፣ ሁለት ትእዛዝ መጥቶላታል። አንድ ነገር ግን አለ። ኮላው በዙሪያው ሁሉ ወጥቷል፣ ከኋላ በቀኝ ጥግ በኩል ብቻ የለም። እዚያ ጋ ጥፍር ይገባል። ምንድነው?

አናጢው ከገላን

ፎርማህ እዚያ ጋ ጎድሏል። ቀጥሎ ስትጭን በካርቶን ሙላው። ይሄኛውን አትዝለሉበት፣ ሣልበት።