አስቸኳይ፦ የፊደል ካርታ ላይ «ሀ» እና «በ» ልጆቹን እያጣላ ነው

የአዘዞ እናት
ሰላም ለቤቱ። ቶሎ የምትመልሱልኝ ካላችሁ እባካችሁ፣ ልጆቹ አሁን ምንጣፍ ላይ ሆነው እየተጨቃጨቁ ነው። በፓስታ ካርቶን የፊደል ካርታ ሠራሁላቸው። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፤ ጥንድ ያገኘ ያስቀምጣል። ትንሹ «ሀ»ን ይዞ «በ ነው» ይላል፣ እህቱ «ሀ ነው» ብላ ትነጥቀዋለች። የፊደል ገበታው ላይ እኮ አንድም አይስት! ዓይኑ ይሆን እንዴ? የጎረቤት ልጆችም እየመጡ ነው።

ማራኪ ሰፈር
ስንት ዓመቱ ነው? ካርዱስ ስንት ነው? 231ዱንም ፊደል ከዘረገፍሽው አዋቂም ይደክመዋል። ግእዙን (ሀ ለ ሐ መን) ብቻ ያዢ፣ እሱንም በአምስት ፊደል ጀምሪ።

የአብነት ተማሪ
ለእኔ ጨዋታው ራሱ አይዋጥልኝም። የኔታ ዘንድ ልጅ ስንደዶ ይዞ ፊደሉን እየነካ ሀ ሁ ሂን በዜማ ይላል። ያንን ሲያውቅ አቡጊዳ ይገባል፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። ጎንደርን የሊቃውንት አገር ያሰኛት ይህ ሥርዓት ነው። ካርታ መበወዝ ግን ልጅን ከአሁኑ ቁማር ማለማመድ ነው። ገበታውን ስጪውና በዜማ ይበል።

ፒያሳ
አምስት ፊደል ይበቃል። ከዚያ በላይ አታድርጊ።

ማራኪ ሰፈር
እሱን እኮ ብያለሁ 😄

መምህርት ከአራዳ
የአብነት ተማሪ፣ ስለ የኔታ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔም እዚያ ነው ያለፍኩት። ግን አቡጊዳ ምን እንደሚያደርግ አስበው እስቲ። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ልጁ የለመደውን ተራ መበወዝ ነው እኮ! ፊደሉን ያውቀው እንደሆነ ወይስ ዜማውን ብቻ ይዞ እንደሆነ የሚለየው እዚያ ላይ ነው። ካርታውም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ገበታ ላይ ብቻ የማይስት ልጅ ቦታውን ይዞት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ጨዋታውን አትተዪው።

የአብነት ተማሪ
አቡጊዳውን በዚህ ዓይን አላየሁትም ነበር። ቁማሩ ግን አሁንም ያሳስበኛል።

ባለ መጋዝ
ካርዶቹ እኩል አራት ማዕዘን ናቸው? ትንሹ ከእህቱ ፊት ለፊት ነው የተቀመጠው? እንግዲያው «ሀ»ን ገልብጠሽ እዪው፣ «በ» ነው። «ሠ»ም ሲገለበጥ «ሐ»ን ይመስላል። ልጁ ዓይኑ ደህና ነው፣ ከሱ በኩል የሚታየውን በትክክል እያነበበ ነው። ካርዱ ላይ ራስና እግሩ አይታወቅም። ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር በቀይ እስክሪብቶ አስምሪ። ወይም የቀኙን የላይ ጥግ በመቀስ ቁረጪ፣ ይህ የበለጠ ነው፤ በእጅ ሲዳሰስም ይታወቃል።

የአዘዞ እናት
አዎ አራት ማዕዘን ናቸው!! ፊት ለፊት ነው የተቀመጡት። መቀስ ላምጣ።

ፒያሳ
ካርዱንም ቀንሺ፣ አምስት።

መምህርት ከአራዳ
ጥጉን ስትጨርሺ ደግሞ መነጣጠቁን የሚያስቀር ጨዋታ ልንገርሽ። የበ ቤት፣ የለ ቤት፣ የመ ቤት ሰባት ሰባቱን ጻፊና በውዘሽ አድዪ። ልጁ በተራው አንዱን «ቡ አለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ካላት ትሰጠዋለች፣ ከሌላት ተራው ያልፋል። ከበ እስከ ቦ ሰባቱን የሞላ ያስቀምጣል። ፊደሉን ጠርቶ ካልጠየቀ ካርድ አያገኝም፣ ስለዚህ እጅ ሳይሆን አፍ ነው የሚሠራው። የሀ እና የአ ቤትን ለጊዜው አስቀሪ፤ ሀ እና ሃ ሲጠሩ አንድ ስለሆኑ ሌላ ጠብ ይነሳል።

ቀሃ
እኔም ልጠይቅ፤ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ የምትቀላቅል ልጅ አለችኝ። አንድ ላይ ልስጣት ወይስ ለያይቼ?

መምህርት ከአራዳ
መጀመሪያ ለያይተሽ። ሰን ሳታወላውል ስትጠራ ሸን አጠገቡ አድርጊና ከላይ ያለችውን ሰረዝ ራሷ ትፈልጋት። ደ እና ጀ፣ ዘ እና ዠም እንደዚያው ናቸው።

ባለ መጋዝ
የአዘዞ እናት፣ ካርቶኑ ስስ ከሆነ ሁለቱን ፊት በሰፊ ፕላስተር ሸፍኚው፣ ያለዚያ ጥጉ ቶሎ ይታጠፋል።