ዓመፀኛው ገጸ ባሕርዬ ከፕሮሜቴዎስ ወደ ሳጥናኤል ሲሻገር ሌላ ሰው ይሆንብኛል

ባለ 14 ምዕራፍ ልብ ወለድ ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ በንጉሡ ላይ የሚያምፅ ባለሟል። እስከ ምዕራፍ 7 በግሪክ አፈ ታሪክ የሚታወቀውን የፕሮሜቴዎስን መንገድ ይከተላል፦ ፕሮሜቴዎስ የአማልክት ንጉሥ ዜውስ የደበቀውን እሳት በእንስላል አገዳ ውስጥ ሸሽጎ ለሰው እንደሰጠው ሁሉ፣ የእኔውም ሰው የተከለከለውን ለሕዝብ ያወጣል፤ ይቀጣልም። ከምዕራፍ 8 ጀምሮ ወደ ሳጥናኤል ያዘነብላል፤ ዙፋኑን ለራሱ ይመኛል። («ዙፋኔን ከፍ ከፍ አደርጋለሁ» የሚለው የኢሳይያስ 14 ቃል በቀጥታ የተነገረው ለባቢሎን ንጉሥ ነው፤ በኋላ ለሳጥናኤል መነበቡ ለእኔ ጥሩ ፍንጭ ሆኖኛል።)

ረቂቁን ያነበቡት ሁሉ ምዕራፍ 8 ላይ «ይሄ ሌላ ሰው ነው» ይላሉ። ትዕቢቱን ምዕራፍ 3 ላይ ብዘራው ስጦታው ከመጀመሪያው ተንኮል መሰለ። ከቅጣቱ በኋላ ባመጣው ደግሞ ተራ በቀል ሆነ፤ አንባቢ አዘነለት እንጂ አልፈራውም። ንጉሡን ይበልጥ ጨካኝ ማድረግም አልበጀም፤ ዓመፁ ጽድቅ ሆኖ ውድቀቱ ትርጉም አጣ።

እንደሚመስለኝ ቋጠሮው ያለው ንጉሡ ላይ ነው። ዜውስ አባቱን ክሮኖስን ጥሎ የነገሠ ነው፤ እንዲህ ባለ ገዥ ላይ ማመፅ ያስከብራል። የሳጥናኤል ዓመፅ ግን በፈጣሪው ላይ ነው፤ ውድቀት የሚባለውም ለዚህ ነው። አንድ ንጉሥ ሁለቱንም መሸከም የሚችለው አንባቢ መጀመሪያ አምባገነን መስሎት በኋላ ፍትሐዊነቱን ሲያውቅ ብቻ ይመስለኛል። ታዲያ ይህን ፍትሐዊነት የምገልጠው ከእሳቱ ስርቆት በፊት ይሁን ወይስ ከቅጣቱ በኋላ?