ክርክር፦ አለቃን ግልባጭ ማድረግ ማሳበቅ ነው?

የፒያሳዋ፦ እስቲ ፍረዱኝ። እዚሁ ጎንደር ተቀጥሬ ነው የምሠራው። አንድ ባልደረባዬን የወር ሪፖርት እንዲልክልኝ ሁለቴ በኢሜይል ጠየቅሁት። ዝም። በሦስተኛው አለቃችንን ግልባጭ አደረግሁ፤ ኢሜይሉ ለሳቸውም እንዲደርስ ማለቴ ነው። ሪፖርቱ ወዲያው መጣ! ከላዩ ግን «ደግሞ መክሰስ ጀመርሽ?» ይላል። «ለሁሉም መልስ» የሚለውን ተጭኖት ኖሮ አለቃችንም አነበቡት። አሁን ሰላምታ ነስቶኛል። ጥፋቱ የማን ነው?

የአዘዞው፦ ያንቺ ነዋ። እግርሽ ተሰብሯል? ቢሮው ሄደሽ «ወንድሜ፣ ሪፖርቷስ?» ብትይው ያልቅ ነበር። ይሄ በጨዋ አማርኛ ማሳበቅ ነው።

የማራኪው፦ ግልባጭን ኢሜይል አመጣው እንዴ? ማኅተም ባለው ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» እየተባለ ለስንት ክፍል ሲጻፍ ኖረናል። ማንም ተከሰስኩ አላለም። ፈረንጆቹ «ሲሲ» የሚሉትም ከካርቦን ወረቀት የመጣ ነው፤ ያው ግልባጭ።

የአዘዞው፦ ጋሼ፣ የደብዳቤው ግልባጭ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው። እሷ ግን አለቃ የጨመረችው በሦስተኛው ነው። ማስፈራሪያ እኮ ነው!

የማራኪው፦ እሱስ እውነትህን ነው። «እስከ ዓርብ ካልደረሰኝ ለኃላፊው አሳውቃለሁ» ብላ ብታስቀድም ይሻል ነበር።

የአራዳው፦ እናንተ ስለ ግልባጭ ትከራከራላችሁ፣ ሰውየው ግን የተዋረደው ሳያይ በመላኩ ነው። ጂሜይል የላኩትን መሰረዝ ይፈቅዳል። ቅንብሩን ካልነካችሁት መሰረዣው ጊዜ 5 ሰከንድ ነው፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ 30 ሰከንድ ማድረግ ትችላላችሁ። ከዚያ ካለፈ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ንዴት ካለብኝ የተቀባዩን አድራሻ የምሞላው መጨረሻ ላይ ነው። በባዶ አድራሻ አይሄድማ! (የኔ ውርደት ሌላ ነው። ለፈረንጅ እንግዳ «ስብሰባው 3:00» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ተሰብስበን ስንጠብቀው ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ከች አለ። በሱ ሰዓት ልክ 3:00 ነው፤ ምን ይባላል?)

የፒያሳዋ፦ የአዘዞው፣ ቢሮው ሂጂ አልከኝ አይደል? ሰውየው የሚሠራው እናንተው ሰፈር ባለው ቅርንጫፍ ነው። ለአንድ ሪፖርት ከፒያሳ አዘዞ ታክሲ ልያዝ?

የአዘዞው፦ አትይም! ስልክስ የለውም?

የፒያሳዋ፦ አራቴ ደወልኩ። አያነሳም።

የአዘዞው፦ በይ እንግዲያው ግልባጭሽን አድርጊ።