አጎቴን እንዴት ላስረዳቸው?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቻይና፣ ጓንግዡ ተማሪ ነኝ። ክረምት ላይ አገር ቤት ልመጣ ነው። አርባ ምንጭ ያሉት አጎቴ ታዲያ «ያንን የቻይና የወባ ቅጠል በኪሎ ይዘህልኝ ና፣ እያፈላን እንጠጣለን» አሉኝ። ቺንግሃዎ የሚባለው ነው፣ የኛው አሪቲ ዘመድ። እዚህ በየባህል መድኃኒት ሱቁ ደርቆ ይሸጣል።

ጭንቄ ሻዩ ለወባ መድኃኒት እንደማይሆን ማስረዳቱ ነው። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዮዮና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1972 አርቲሚሲኒንን፣ ማለትም ወባን የሚያጠቃውን ንጥረ ነገር፣ ከዚህ ተክል ለይተው ያወጡት ኤተር በሚባል ማሟሚያ ፈሳሽ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ነው። መነሻቸው የሆነው የጥንቱ ቻይናዊ ሐኪም የጌ ሆንግ ጽሑፍም ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ መጭመቅ ነው የሚለው፤ አፍሉት አይልም። ሻዩ ውስጥ የሚገባው መጠን ትንሽ ነው፣ በዚያ ላይ ከአንዱ ቅጠል አንዱ ይለያል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለወባ አይመክረውም።

ይሄን ሁሉ ብላቸው «ኮአርተም የሚባለው የወባ ኪኒን ከዚሁ ቅጠል አይደል እንዴ የሚሠራው?» ብለው አፌን አስያዙኝ። እውነታቸውን ነው እኮ!

የጤና ባለሙያ የሆናችሁ፣ እባካችሁ በቀላሉ የምነግራቸውን ስጡኝ። በተለይ ያነሰ መጠን ተውሳኩን ከመድኃኒቱ ጋር ሊያላምደው ይችላል የሚለውን እንዴት ላስረዳ? ደረቅ ቅጠል ይዞ በቦሌ ያለፈ ሰው ካለም ይንገረኝ፤ ጉምሩክ ከከለከለው እኔም ተገላገልኩ።