ካናዳ ከቤተሰብ ጋር፦ ቶሮንቶ፣ ኤድመንተን ወይስ ዊኒፔግ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። በኤክስፕረስ ኢንትሪ (ካናዳ ባለሙያዎችን የምትቀበልበት መንገድ) ፒአር፣ ማለትም ቋሚ ነዋሪነት፣ ተፈቅዶልን ቪዛው ፓስፖርታችን ላይ ተመቷል። እስከ ነሐሴ አጋማሽ መግባት አለብን። ባለቤቴ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። እኔ በዲግሪ የተመረቅኩ ነርስ ነኝ። ትልቁ ልጃችን 13 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 4 ሞልቷታል።

የጨነቀን የት እንግባ የሚለው ነው። የባለቤቴ እህት ቶሮንቶ ናት። «እኔ እያለሁ ሌላ ከተማ ማን ጋ ልትሄዱ ነው? ቤዝመንቱ (ከቤቱ ሥር ያለው ክፍል) ባዶ ነው» ትላለች። ኤድመንተን ደግሞ አብራኝ የተማረች ጓደኛ አለችኝ፤ ኪራይ ይረክሳል፣ ለነርስም ይሻላል ትለኛለች። ዊኒፔግ ማንንም አናውቅም፤ ግን የባለቤቴ ባልደረባ እዚያ ገብቶ ቶሎ ቤት ገዛ ሲባል ሰማን። የያዝነው ብር ያለ ሥራ ቢያቆየን ስድስት ወር ነው። እባካችሁ የኖራችሁበትን ንገሩን። ብርዱንም ሳትደብቁ።

መልስ፦ ነርስ፣ ከኤድመንተን

እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ከከተማው በፊት የሙያሽን ነገር ልንገርሽ። እዚህ የነርስ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍለ ሀገሩ ነው። ኦንታሪዮ (ቶሮንቶ ያለችበት)፣ አልበርታ (ኤድመንተን) እና ማኒቶባ (ዊኒፔግ) እያንዳንዳቸው የራሳቸው የነርሶች ተቆጣጣሪ አላቸው። ፋይልሽን የምትከፍቺው ከአንዱ ጋር ስለሆነ ቀድመሽ ወስኚ። ፈተናው ኤንክሌክስ ነው፣ በሦስቱም ያው ነው። አንዴ በአንዱ ከተመዘገብሽ ደግሞ ወደ ሌላው ማዛወር ከመጀመሪያው በብዙ ይቀላል።

አሁን አዲስ አበባ እያለሽ መጨረስ ያለብሽ ወረቀቱን ነው። ትራንስክሪፕትሽ ከተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በቀጥታ ማስረጃሽን ለሚገመግመው አካል መላክ አለበት። በእጅሽ ይዘሽው የመጣሽው ኮፒ የፈለገ ማኅተም ቢኖረው አይቀበሉሽም። የነርስነት ፈቃድሽን ማረጋገጫም እንደዚያው። ሬጅስትራር ቢሮ ስንቴ «ነገ ነይ» እንደሚባል ታውቂዋለሽ፤ ከካናዳ ሆነሽ በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም። ስለዚህ ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና ስጪና ነይ። ለኢሚግሬሽን የተፈተንሽው የእንግሊዝኛ ፈተና፣ አይኤልትስ፣ ለነርስነቱም ይበቃ እንደሆነ ከተቆጣጣሪው ድረ ገጽ ላይ ከአሁኑ እዪ።

ፈቃዱ እስኪደርስ ብዙዎቻችን በረዳትነት ነው የሠራነው። ኦንታሪዮ ፒኤስደብሊው ይሉታል፣ እኛ ጋ ሄልዝ ኬር ኤይድ። ወገብ ይፈትናል፣ ግን ሥራው አለ።

መልስ፦ ከቶሮንቶ፣ የሦስት ልጆች አባት

ልጄ፣ እኔ የምልሽ ቶሮንቶ ግቡ ነው። ባለቤትሽ የሒሳብ ሰው ነው። የትልልቆቹ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤት እዚህ ነው፤ እንደሱ ላለ ሰው በር የሚያንኳኳበት ቦታ ይበዛለታል። መኪና ሳትገዙ በአውቶቡስና በባቡር መኖር ይቻላል፤ ይሄ ለመጀመሪያው ዓመት ትልቅ ነገር ነው። ዳንፎርዝ የሚባለው ጎዳና ብትወጡ እንጀራው፣ በርበሬው፣ ቡናው አለ። ቤተ ክርስቲያኑም እንዲሁ።

ኪራዩ ግን ውድ ነው፣ አልሸሽግሽም። ቤት አከራይ የደመወዝ ማስረጃና የክሬዲት ታሪክ (ብድርና ሒሳብ በወቅቱ መክፈልህን የሚያሳይ መዝገብ) ይጠይቃል፤ አዲስ ገቢ ሁለቱም የለውም። የእህቱ ቤዝመንት የሚጠቅማችሁ እዚህ ላይ ነው። ብቻ ከመምጣታችሁ በፊት በግልጽ ተነጋገሩ። በወር ስንት ነው? መብራቱስ? እስከ መቼ? የራሱ መግቢያና ለእሳት አደጋ መውጫ የሚሆን መስኮት አለው? ኪራዩን ከመጀመሪያው ወር ክፈሉ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። በዘመድ ቤት በነፃ መኖር በኋላ ቂም ያመጣል። ሲጣሉ ያየኋቸው ወንድማማቾች ብዙ ናቸው፣ ያሳዝናል።

መልስ፦ ከካልጋሪ (አልበርታ)

የጋሼን ሐሳብ አከብራለሁ። ግን ስለ ገንዘቡ ልጨምር። አልበርታ የክፍለ ሀገር የሽያጭ ታክስ የለም፤ የፌዴራሉን 5 በመቶ ብቻ ትከፍላላችሁ። ኦንታሪዮ 13፣ ማኒቶባ 12 በመቶ ነው። ኪራይም ከቶሮንቶ ይቀንሳል። በሌላ በኩል አልበርታ ዝቅተኛው ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሰዓት 15 ዶላር ላይ ቆሟል፤ ኦንታሪዮ በ2025 ጥቅምት ወር 17.60 ደርሷል። አከራይ በዓመት አንዴ የፈለገውን ያህል ቢጨምርባችሁ አልበርታ ውስጥ ጣሪያ የለውም። የመኪና ኢንሹራንስም ያማል፣ ያለ መኪና ደግሞ ከብዙ ሰፈር ሥራ መድረስ አይቻልም። ኤድመንተን ርካሽ ነው ሲባል እነዚህን ቀንሳችሁ አስሉ።

የፌዴራሉ የልጆች ድጎማ የትም ብትገቡ አይለይም። ከጁላይ 2025 እስከ ጁን 2026 ባለው ዓመት ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ እስከ 7,997 ዶላር፣ ከ6 እስከ 17 ላለ እስከ 6,748 ነው። ገቢ ሲያድግ ይቀንሳል። እንደገባችሁ አመልክቱ፤ ከመምጣታችሁ በፊት የነበራችሁን ገቢም ይጠይቃል፣ የደመወዝ ማስረጃ ያዙ።

መልስ፦ ከዊኒፔግ

ብርዱን ሳትደብቁ ስላልሽ ነው። ጥር ላይ ከዜሮ በታች 30 ይገባል፣ ከነፋሱ ጋር ከዚያም ይብሳል። መኪና ማቆሚያው ላይ ሶኬት አለ፤ ሞተሩ በብርድ እንዳይቀዘቅዝ ማታ ማሞቂያውን ሰክተን ነው የምናድረው። ልጆቹ ግን እኛን ይበልጡናል፣ የበረዶ ሱሪያቸውን ለብሰው ይወጣሉ። ዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) ከ2023 ጀምሮ በቀን 10 ዶላር ነው፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። የመኪና ኢንሹራንሱ የመንግሥት ነው። ከተማውን እወደዋለሁ። ሆኖም ማንም ሳይኖራችሁ፣ ስድስት ወር በሚያቆይ ብር፣ ሁለት ልጅ ይዛችሁ ኑ ለማለት አልደፍርም።

መልስ፦ ከስካርቦሮ (ቶሮንቶ)፣ እናት

ስለ ትንሿ ማንም አላነሳም እኮ! ኦንታሪዮ የ4 ዓመት ልጅ መስከረም ላይ መዋዕለ ሕፃናት ትገባለች። ሙሉ ቀን፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በነፃ። አልበርታና ማኒቶባ በ5 ዓመት ነው፣ እሱም በአብዛኛው ግማሽ ቀን። አልበርታ ለሙሉ ቀን ዴይኬር በወር 326.25 ዶላር መክፈል ነው፣ ቦታ ከተገኘ። ሁለታችሁም ሥራ ፍለጋ ልትወጡ ስለሆነ ይሄ የኪራዩን ልዩነት ጥቂት ያካክሰዋል።

ትምህርት ቤት የሚመደበው በአድራሻ ነው። የእህቱ አድራሻ የየትኛው ትምህርት ቤት ክልል እንደሆነ አሁኑኑ በትምህርት ቦርዱ ድረ ገጽ ላይ ማየት ትችያለሽ። የሁለቱንም የክትባት ካርድ በእንግሊዝኛ አስተርጉመሽ ያዢ፣ ሲመዘገቡ ይጠየቃል። የኦንታሪዮ የጤና ካርድ ድሮ ሦስት ወር ያስጠብቅ ነበር፤ ከ2020 ጀምሮ ቀርቷል።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የትንሿን ጉዳይ ፈጽሞ አላሰብንበትም ነበር። ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አሰላነው፤ ወደ ቶሮንቶ አዘንብለናል። ጋሼ፣ እህቱን ስለ ኪራዩ ዛሬ ማታ ደውሎ ያነጋግራታል። የነርስነት ፋይሌን ኦንታሪዮ ልክፈት ብያለሁ፤ ነገ ጠዋት ሬጅስትራር እሄዳለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፦ ቶሮንቶ ካልሆነልን ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ወደ ኤድመንተን ብንዛወር ትልቁ ልጅ አይጎዳም?

መልስ፦ ነርስ፣ ከኤድመንተን

ጊዜውን ከመረጣችሁ አይጎዳም። ኦንታሪዮ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ ክፍል ነው የሚጀምረው፣ አልበርታ ከ10ኛ። መስከረም ላይ 8ኛ ከገባ፣ 9ኛን ሲጨርስ ብትመጡ 10ኛን እዚህ ከሁሉም ጋር አዲስ ሆኖ ይጀምራል። 11ኛ ወይም 12ኛ ላይ ግን አታንቀሳቅሱት፤ የተማራቸውን ኮርሶች ክሬዲት ማዛመድ ራስ ምታት ነው፣ ጓደኞቹንም ያጣል። ያኔ የኦንታሪዮ ፈቃድሽን ይዘሽ ከሆነ የምትመጪው፣ ማመልከቻውን ከመዛወራችሁ ጥቂት ወራት ቀደም ብለሽ አስገቢ።